የተሰፋ ክንፍ በስስ አየር

ጎጃም ውስጥ የአውሮፕላን ጨዋታ ከተነሣ ቀድሞ የሚመጣው የጣሊያን ቦምብ ነው። ያየውን የሚያወራ ሰው አይፈረድበትም። እኔን የሚገርመኝ ግን ከወረራው በፊት የመጣው ማሽን ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አዲስ አበባ ላይ ያሳረፈው ፖቴዝ 25።

ብረት ለበስ እንዳይመስላችሁ። የክንፉ አጥንት እንጨት ነው። በላዩ ሸራ ይወጠርና በመርፌና በክር ከእንጨቱ ጋር ይሰፋል፤ ከዚያ ቫርኒሽ መሳይ ፈሳሽ ይቀባል። ፈሳሹ ሲደርቅ ሸራውን ሰብስቦ ይወጥረዋል፤ በጣት ቢመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል። የላይኛው ክንፍ ረጅም፣ የታችኛው አጭር ነው፤ ለቅኝት የተሠራ ነውና ቁልቁል ማየት አለበት። በሁለቱ መካከል ያሉት ምሰሶዎችና ሽቦዎች ሸክሙን ይከፋፈላሉ። ሽቦ ከላላ ክንፍ ይጣመማል፤ የመካኒኩ ሙያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሞተሩ ላይ ስንደርስ ደጋው ይፈትነዋል። የዘመኑ ፖቴዞች በብዛት የሚሸከሙት ሎሬን የተባለውን ሞተር ነበር፤ 12 ሲሊንደሮቹ አራት አራት እየሆኑ በሦስት ረድፍ የቆሙ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ 450 የፈረስ ጉልበት። ይህ ጉልበት ግን የባሕር ጠለል ጉልበት ነው። ደብረ ማርቆስም አዲስ አበባም 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። እዚህ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም ያንኑ ያህል ይደክማሉ። የራዲያተሩ ውኃ ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። አብራሪው የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ በእጁ እያስተካከለ፣ ሞተሩን በጆሮው እየተከታተለ፣ ረጅም ሜዳ ሮጦ ነው የሚነሣው።

ፖቴዝ ከፍታን የተለማመደው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። በሰኔ 1922 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ ኦንሪ ጊዮሜ ፖቴዝ 25ቱን አንዲስ ተራሮች ላይ በበረዶ ውስጥ ትቶ፣ ለቀናት በእግሩ ተጉዞ በሕይወት ወጥቷል። እኛ ዘንድ ደግሞ በዚያው ክረምት ኢትዮጵያዊው አብራሪ ሚሽካ ባቢቼፍ አዲስ አበባ ላይ ብቻውን በረረ፤ መስከረም ላይ ሌላው ኢትዮጵያዊ አስፋው ዓሊ ተከተለው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በአየር 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በመካከሉ ግን ዓባይ አለ፤ በዚያ ገደል ላይ ሞተር ቢጠፋ ማረፊያ የት ይገኛል? የሙከራ አብራሪ ሲባል አዲስ አውሮፕላን የሚሞክረውን ብቻ እናስባለን። እነ ሚሽካ የታወቀ አውሮፕላን ይዘው ያልተሞከረ ደጋ ላይ ወጡ፤ በእኔ ሚዛን ይህ አያንስም።

እዚሁ የተሠራ አውሮፕላንም አለ፤ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ ጣሊያን ወስዷት ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። የማየት ዕድል ከገጠማችሁ ስሟን አንብባችሁ አትለፉ፤ ጠጋ ብላችሁ መጋጠሚያዎቿን ተመልከቱ።