ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር

ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ ካሴቶች አንዱን አውጥታችሁ የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ ብታነቡ በደቃቅ ፊደል የታተሙ ሦስት ቃላት ታገኛላችሁ፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። በእያንዳንዳቸው ትይዩ ስም አለ። ሙዚቃ ቤቱ ጠንቃቃ ከሆነ ደግሞ ቤዝ ጊታሩን ማን እንደተጫወተ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ ጨምሮ ይነግራችኋል። ዛሬ ሙዚቃን ከስልኩ ለሚያገኝ ወጣት ግን ዘፈኑ የሚደርሰው ያ ገጽ ተቆርጦ ነው። የድምፃዊው ስም፣ ርዕሱና የተመልካቹ ብዛት ይታያል፣ በቃ። ጥሩ ሥራን ከደካማው መለየት የሚጀመረው ከዚያ ከተቆረጠው ገጽ ነው ብዬ አምናለሁ። ዘፈን ደጋግሞ መስማት ብቻውን ጆሮን አያሰለጥንም፤ ማን እንደሠራው አውቆ የሠሪውን ዱካ መከተል ነው የሚያሰለጥነው።

ምሳሌ ልጥቀስ። የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካይፋ ሪከርድስ ታተመ፤ በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጅየም አሳታሚ ለአውሮፓ አድማጭ አደረሰው። ሰው ሁሉ የማሕሙድን ድምፅ ያነሳል፤ ይገባዋልም። ከድምፁ ሥር ግን አይቤክስ ባንድ አለ። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝና የሰላም ሥዩምን ጊታር አንዴ ለይታችሁ ከሰማችሁ፣ አይቤክስ ሮሃ ባንድ ከሆነ በኋላ ባጀባቸው ካሴቶች ላይ እነዚያኑ እጆች ታውቋቸዋላችሁ። ድምፃዊው ይለዋወጣል፤ እጁ ያው ነው። «ይህን ዘፈን ለምን ወደድኩት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ መገለጥ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ አድማጭ የምመክረው ድምፃዊውን ለጥቂት ጊዜ ትቶ ቤዙን እንዲሰማ ነው። ችክችካ በሚባለው ስልት ውስጥ ስድስቱ ምት አንዴ ሦስት ሦስት፣ አንዴ ሁለት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፤ ጥሩ ተጫዋች ሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ጊዜ እንዲሰማ ያደርጋል። ከበሮው የረገጠውን ሁሉ አይረግጥም፣ ክፍት ቦታ ይተዋል፣ ትከሻ የሚንቀሳቀሰውም በዚያ ክፍት ቦታ ነው። በኮምፒዩተር ከሚሠሩት የዛሬ ዘፈኖች ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ምቱ ሁሉ በእኩል ርቀትና በእኩል ጉልበት ስለሚደረደር ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ እስክስታው መግቢያ ያጣል። ማሽኑን ግን አልወቅስም። ምቱን በጣቱ እየነካ ያስገባ፣ አንዱን ትንሽ አዘግይቶ ሌላውን አለስልሶ የተወ ልጅ በዚያው ኮምፒዩተር ሕያው ምት ያወጣል። ትከሻ ሳይጠየቅ ከመለሰ ምቱ ሠርቷል ማለት ነው።

ቅንብሩ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ያስፈልጋል፤ የእኛን ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው የሚለየውም በዚህ ነው። ዜማው መቼ ብቻውን እንደሚሄድ፣ መቼ መሣሪያ እንደሚቀበለው፣ መግቢያው ምን እንደሚያስጠብቅ የሚወስነው አቀናባሪው ነው። ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገራችንን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያዘጋጅ፣ ግርማ በየነ ከፒያኖው ሆኖ ለሌሎች ድምፃውያን ሲያቀናብር፣ ሁለቱም ያንኑ ጥያቄ ይመልሱ ነበር፦ በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ቅኝት የምዕራቡን ስምምነት ሲለብስ መልኩን ሳያጣ እንዴት ይቀጥላል? ጅማ በ1943 የተወለደው፣ በብሪታንያና በቦስተኑ በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄ የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገው ይህንኑ ነው። የእርሱን ሙዚቃ ስትሰሙ ቫይብራፎኑ ዜማውን ሲያወጣ ሥሩ ያሉት ኮርዶች ምን እንደሚያደርጉ ተከታተሉ። ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ ይመጣል፣ ግን ለቅጽበት ነው፤ ትዝታው ትዝታ፣ አንቺሆዬውም አንቺሆዬ ሆኖ ይቀጥላል። ደካማ ቅንብር ግን ኮርድ በኮርድ ላይ ይደርብና ባቲውን ከማንኛውም የባዕድ ዘፈን የማይለይ ያደርገዋል።

ብዙ ወጣት ወደ ሙላቱ የደረሰው በሌላ በር ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 በሠራው ፊልም ሙዚቃውን ተጠቀመበት፤ ራፐሩ ናስና ዳሚያን ማርሊ በ2010 የእርሱን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው የራሳቸው ዘፈን መሠረት አደረጉት። በዚህ በር መግባት ምንም ነውር የለበትም። ከገቡ በኋላ ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ማድመጥ ግን ትልቅ ትምህርት ነው። ቆርጦ የወሰደው ሰው ከወሰደው ላይ አዲስ ነገር ሠርቷል ወይስ በሌላው ላብ ላይ ተቀምጧል? ይህን መለየት የቻለ ጆሮ ዛሬ በየቀኑ የሚለቀቀውን ቅልቅል ሁሉ መመዘን ይችላል።

አሮጌ ሙዚቃን ለማግኘት ሁሉም የሚጀምረው በፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች ነው። ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የወጣው ይህ ሥራ ውለታው ከባድ ነው። አምሐ እሸቴ በ1969 የሀገር ፍቅር ማኅበርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰሙት በአብዛኛው በዚህ ሥራ ምክንያት ነው። ሆኖም ኢትዮፒክስ ጣዕምም አውርሶናል፤ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ ያለበት የሸክላ ዘመን ወርቅ፣ ኪቦርድ ያለበት የካሴት ዘመን መዳብ ነው የሚል ጣዕም። በዚህ አልስማማም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው ምሽቱን ሲዘጋ፣ ካሴት ሸክላን ሲተካ፣ ሙዚቀኛው በትንሽ መሣሪያ ትልቅ ነገር ማሰብ ነበረበት፤ አስቦም ሠርቷል።

የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ስሙ። ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ የቀረው ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከሮድስ ፒያኖ ጋር ብቻውን እየደራረበ ቀዳው። አሳታሚው ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና ሲያሳትመው ኃይሉ ታክሲ እየነዳ፣ በደንበኛና በደንበኛ መካከል ከመኪናው በሚያወጣው ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ ጥሩ የሆነው ግን በታሪኩ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ጆሮን ሊያታልል ስለሚችል መጠንቀቅ ይገባል። ጥሩ የሆነው እያንዳንዱ መሣሪያ እንደ ድምፃዊ ትንፋሽ እየወሰደ ስለሚገባ ነው። አኮርዲዮኑ ዜማውን ይጥላል፣ ሲንተሳይዘሩ ይቀበላል፣ ማንም ማንንም አይሸፍንም። ኪቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ድምፅና ምት ላይ እንዳለ ከተዘፈነ የሠርግ ሙዚቃ ጋር አስተያዩት፤ መሣሪያው ተመሳሳይ ነው፣ ሐሳቡ አይመሳሰልም።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ መከተል ያለበት ስም ኤልያስ መልካ ነው። እርሱ ያቀናበራቸውን የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበምና የኢዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» አከታትላችሁ ብትሰሙ ሁለት የተለያዩ ድምፃውያን አንድ ዓይነት አየር ሲተነፍሱ ታገኛላችሁ። ቅንብሩ ግጥሙን አይጋፋም፤ ጊታሩ ዝም ማለት ያውቃል። ኤልያስ በ2019 አረፈ። በዚያው ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ያቋቋመው አውታር የተባለው መተግበሪያ ዘፈን በሕጋዊ ክፍያ እንዲሸጥ የተሠራ ነበር።

በኤሌክትሮኒክስ ከሚሠሩት መካከል ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ከዋሽንግተኑ አሳታሚ 1432 አር ጋር ያሳተሟቸው ሥራዎች፣ እንዲሁም የሮፍናን «ነጸብራቅ» (2018) ለመመዘኛ ይጠቅማሉ። እዚህ አንድ ቀላል ፈተና አለ፦ ማሲንቆው ወይም ዋሽንቱ ከዘፈኑ ቢወጣ ምን ይጎድላል? ምንም ካልጎደለ ለጌጥ የገባ ነው፤ የባህል ልብስ ለአንድ ፎቶ እንደመልበስ ይቆጠራል። ምቱ ራሱ ከማሲንቆው አካሄድ የተነሣ ከሆነ ግን ሠሪው አስቦበታል። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 ያወጣው «ዘላለም» ይህን ፈተና ያልፋል።

ስለ ድምፅ ብዙ አልልም። የእኛ አዘፋፈን ውበቱ ቅላጼው ነው፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሸጋገር መካከል ላይ የሚያደርገው መንቀጥቀጥና መንሸራተት። አውቶቲዩን በብዛት ሲጫን ያንን መካከል ነው የሚቆርጠው፣ ድምፁን ወደ ቅርቡ ኖታ ጎትቶ ይተክለዋልና። ግጥምን በተመለከተም ቤት ለመምታት ብቻ የተጠራች ቃል ከሰማችሁ ግጥሙ ተቸኩሎበታል። የገጣሚውን የይልማ ገብረአብን ስም ከካሴቶች ላይ ፈልጋችሁ የሠራቸውን አከታትላችሁ ብታነቡ፣ ያልተቸኮለበት ግጥም ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ይገባችኋል።

ዓይንም መሰልጠን አለበት። የአልበም ሽፋን ስትመለከቱ መጀመሪያ ፊደሉን እዩ። የግዕዝ ፊደል ከመቃ ብዕር የተወለደ ስለሆነ ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር የሚቀመጥበት ሥርዓት አለው። ድሮ ሽፋኑን በእጁ የሚጽፍ ሠዓሊ ይህን ሥርዓት በልምድ ያውቀው ነበር። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ለኮምፒዩተር የተሠሩ ብዙ ቅርጾች አሉን፣ ጥራታቸው ግን እኩል አይደለም። መልካሙን ከደካማው ለመለየት «ጯ»ን፣ «ኳ»ንና «ፏ»ን ፈልጉ። ሠሪው የሰነፈ ከሆነ ቅጥያቸው ከአካላቸው ጋር አይጋጠምም፣ ወይም ከጎረቤታቸው ፊደል ጋር ይጋጫል። ከዚያም ሽፋኑን በስልክ ላይ አሳንሳችሁ ርዕሱ ይነበብ እንደሆነ ሞክሩ። ሦስት ዓይነት ፊደል፣ ጥላና ብልጭታ የተከመረበት ሽፋን የአልበሙን ሐሳብ ያላገኘ ሰው ሥራ ነው። አንድ ፎቶ፣ አንድ የፊደል ዓይነትና በቂ ባዶ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣሉ።

በመጨረሻ ስለ ቅጂው። በኢንተርኔት ላይ ከምታገኙት አሮጌ ዘፈን ብዙው ከተዳከመ ካሴት የተቀዳ ነው፤ አንዳንዱም የባለቤትነት መቆጣጠሪያን ለማለፍ ሲባል ሆነ ተብሎ ፈጥኗል ወይም ዘግይቷል። ድምፃዊው እንግዳ ሆኖ ከተሰማችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ሌላ ቅጂ ፈልጉ። በድጋሚ የታተመ ሥራ ስትገዙም ከዋናው ማስተር ነው ወይስ ከአሮጌ ሸክላ የተወሰደ፣ ተጫዋቾቹስ ተጠቅሰዋል ወይ ብላችሁ ሽፋኑን አንብቡ። የተጫዋቾችን ስም ያልጻፈ አሳታሚ ገንዘቡንም ለባለመብቶቹ ማድረሱ ያጠራጥረኛል።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭም ሆነ በዱባይ፣ በወላጆቻችሁ ቤት ካርቶን ውስጥ ካሴት ካለ የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽ ፎቶ አንሱት። ዘፈን ለሌሎች ስታጋሩም ከድምፃዊው ስም ሥር ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን የሠሩትን ሰዎች ስም ጻፉ።