መገልበጥና ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደር አንድ አይደሉም

የፓይተን ቋንቋ በጀማሪዎች ዘንድ ከሚወደድባቸው ነገሮች አንዱ መረጃ ለመደርደር አንድ መስመር መብቃቱ ነው። በዚህ ዕትም የምንተቸው ይህችኑ መስመር ነው፤ በተለይ ከትልቅ ወደ ትንሽ ስንደረድር።

አራት ተማሪዎች በምዝገባ ተራቸው ተጽፈዋል እንበል፦ 1ኛው 78፣ 2ኛው 91፣ 3ኛውና 4ኛው እኩል 84 አምጥተዋል። ያለው ቦታ 2 ብቻ ነው፤ ነጥብ እኩል ከሆነ ቀድሞ የተመዘገበው ይለፍ ተብሏል። ብዙ ተማሪ መጀመሪያ «ሶርት»፣ ቀጥሎ «ሪቨርስ» ብሎ ይጽፋል። የሚወጣው 2፣ 4፣ 3፣ 1 ነው። እዚያው «ሶርት» ቅንፍ ውስጥ «ሪቨርስ» የሚለውን አማራጭ «ትሩ» ብንለው ግን 2፣ 3፣ 4፣ 1 ይመጣል። ልዩነቱን አያችሁት? በመጀመሪያው መንገድ 3ኛው ልጅ ምንም ሳያጠፋ ቦታውን ተነጠቀ! ኮምፒዩተሩ ስህተት አለ አይል፣ ነጥቦቹም ከላይ ወደ ታች በትክክል ይወርዳሉ፤ ታዲያ ማን ልብ ይላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን የሚደረድርበት ቲምሶርት፣ ቲም ፒተርስ እ.ኤ.አ. በ2002 የሠራው ዘዴ፣ እኩል የሆኑትን በመጡበት ተራ ይተዋቸዋል። ኋላ ላይ ለብቻው የምንጠራው «ሪቨርስ» ግን ዝርዝሩን እንዳለ ስለሚገለብጠው የእኩሎቹም ተራ አብሮ ይገለበጣል። አማራጩን በቅንፍ ስንሰጠው መጀመሪያ ገልብጦ፣ ደርድሮ፣ መልሶ ይገለብጣል፤ እኩሎቹን ወደ ተራቸው የሚመልሳቸው ይህ ሁለተኛው ግልበጣ ነው። ብልሃቱን እናደንቃለን።

ስያሜውን ግን አንወደውም። ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ቃል መጥራት ተማሪን ማሳሳት ነው። (የ«ሪቨርስ»ን ውጤት አትማለሁ ብሎ «ነን» የሚል መልስ ሲወጣበት የሚደናገጠውማ ስንቱ ነው!)

ፓንዳስ የተባለው ላይብረሪ በስም በኩል ይሻላል፤ «አሴንዲንግ» የሚለውን «ፎልስ» በሉት ነው የሚለው፣ ግልጽ ነው። ነገር ግን ካልነገሩት በቀር የእኩሎችን ተራ ለመጠበቅ ዋስትና አይሰጥም፤ «ካይንድ» በሚለው ቦታ «ስቴብል» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ለዝምታችን የሚሰጠው መልስ ፍጥነት ነው፤ የፓይተን ደግሞ ተራ መጠበቅ። ለስም ዝርዝር ሥራ የፓይተንን እንመርጣለን።

መምህራን፣ ይህን ስታስተምሩ በልምምዱ ውስጥ እኩል ነጥብ ያላቸውን ተማሪዎች አስገቡ። ሁሉም ነጥብ የተለያየ ከሆነ ሁለቱም መንገዶች አንድ መልስ ስለሚሰጡ ስህተቱ ሳይታይ ያልፋል።