ወደ ዘንገና

በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤት ቅኔ ሲቈጥር የከረመ አእምሮ፣ ወይም በጤፍ አጨዳ የዛለ ገላ፣ ለጥቂት ቀን ዕረፍተ ሥጋ ወነፍስ ሲሻ ወዴት ይሂድ ቢባል፣ በእኔ ፍርድ መልሱ ዘንገና ነው፤ መንገዱም በአማኑኤል ወጥቶ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እያለፈ ወደ እንጅባራ ያቀናል።

ዘንገና እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ የተኛ፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ጥልቀቱም እስከ 166 ሜትር ይደርሳል የሚባልለት ክብ ሐይቅ ሲሆን፣ ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ ፀሐይ ሳለ ጥቁር ሰማያዊ የነበረው ውሃ፣ ደመና ባለፈ ቁጥር እንደ ተወለወለ ብረት ግራጫ ሲሆን ይታየዋል። የዚህ አካባቢ የአዊ ሰው በዚህ ደጋ ፈረሱን ጭኖ ይጋልባል፣ ይህም (እኔን ብትጠይቁኝ) እጅግ ያማረ ነው።

ስለ ማደሪያው የሆነ እንደ ሆነ፣ ሐይቁ ዳር ድንኳን ከመትከል እንጅባራ ከተማ ማደር ይሻላል፤ ክፍል ስትመርጡም ከጌጡ ይልቅ የብርድ ልብሱን ውፍረት ተመልከቱ፣ የደጋ ሌሊት ቍሩ አይጣል ነውና። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ለመገኘት የምትሹ ግን፣ አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ።