ቡናማው ቀለም ያረፈበት ቦታ

ጥሩ ተደርጎ የተሠራ የፒ120 ስላይድ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ሥራው የስንት እጅ ጥንቃቄ እንዳለበት ይገባዋል። ፒ120 ካቴኒን የተባለው ፕሮቲን በጤነኛውም በታመመውም የጡት ህዋስ ውስጥ ይገኛል። የሚፈለገው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

የጡትን ቱቦ የሚሸፍኑ ህዋሳት እርስ በርስ የሚያያዙት በኢ-ካድሄሪን ነው። ይህ ፕሮቲን የህዋሱን ሽፋን አቋርጦ ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ይጣመራል፤ ወደ ውስጥ የቀረውን ጫፉን ደግሞ ፒ120 ይዞ ያጸናዋል። ሎቡላር በሚባለው የጡት ካንሰር ኢ-ካድሄሪን አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። የሚይዘው ያጣው ፒ120 ሽፋኑን ለቆ በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ይበተናል። የተላቀቁት ህዋሳትም አንድ በአንድ ተሰልፈው ወደ ዙሪያው ቲሹ ሰርገው ይገባሉ። ሎቡላር ካንሰር በዳሰሳም በማሞግራምም ለመገኘት የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ አንድ ላይ የተሰበሰበ እብጠት ስለማይሠራ ነው። በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር እንደሚያሳየው ደግሞ የተበተነው ፒ120 ከጎረቤቶቹ የተነጠለው ህዋስ ሳይሞት እንዲቆይ ያግዘዋል።

የፒ120ን ቦታ በአንዲት ስላይድ ላይ የሚያሳየው የላቦራቶሪ ባለሙያው ነው። ቲሹው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ፎርማሊን ውስጥ ይቆይና በፓራፊን ይታሸጋል። ከዚያ በማይክሮቶም በ4 ማይክሮን ይቆረጣል፤ አንድ ሚሊሜትር ለ250 ተከፍሎ አንዱ ማለት ነው። ቁራጩ ለብ ያለ ውኃ ላይ ይንሳፈፍና ከሥሩ በስላይድ ይነሳል። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህች ቅጽበት ናት። ትንሽ ከተጨማደደ እጥፋቱ ውስጥ ቀለም ይጠራቀማል፤ ያ ቡናማ ምንም አይናገርም፣ አንባቢውን ግን ያሳስታል። ቀጥሎ ፎርማሊን የሸፈነውን ፕሮቲን ለመግለጥ ቲሹው በሙቀት ይታከማል፤ ፒ120ን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ ይጨመርበታል፤ አንቲቦዲው በተያዘበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ቀለም እንዲወጣ ይደረጋል። ኒውክለሶቹን የሚያሳየው ሰማያዊ ቀለም በስሱ መሆን አለበት፤ ከበዛ ቡናማውን ይውጠዋል።

እንዲህ የተሠራ ስላይድ ላይ ጤነኛ ቱቦና ሎቡላር ካንሰር ጎን ለጎን ከተገኙ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በቱቦው ላይ ቡናማው እንደ ነጠላ ጥለት የየህዋሱን ዳር ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ መሐሉ ንጹሕ ነው። በካንሰሩ ህዋሳት ዳሩ ጠፍቶ ቡናማው ኒውክለሱን ከብቦ ውስጡን ሞልቶታል።

የዚህ ምርመራ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ኢ-ካድሄሪን ብቻውን ሲመረመር ማስረጃው የቀለም አለመኖር ነው፤ ቀለም ደግሞ አሠራሩ ስለተበላሸም ሊጠፋ ይችላል። አንዳንድ ሎቡላር ካንሰር ደግሞ የማይሠራ ኢ-ካድሄሪን ይዞ ይቆይና ቀለሙን ይቀበላል። ፒ120 መጥፋቱን በሚታይ ነገር ይተካዋል፤ ቀለሙ አለ፣ ቦታው ግን ተቀይሯል።

ቦታው የሚወስነው ነገር ቀላል አይደለም። ገና ከቱቦው ያልወጡ ህዋሳት በቀዶ ሕክምናው ቁራጭ ጠርዝ ላይ ሲገኙ፣ ቡናማው ዳራቸውን ካልለቀቀና ዳክታል የሚባለው ሌላው ዓይነት ከሆኑ ታካሚዋ ብዙ ጊዜ ዳግም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ የተለመደው ዓይነት ሎቡላር ከሆኑ ግን ለዚያ ብቻ ተብሎ ዳግም ቀዶ ሕክምና አይደረግላትም።