የቶሪ ካንየን ዘይትና የሳሙናው ጕዳት

በፈረንጆች አቈጣጠር በመጋቢት 1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በእንግሊዝ አገር በኮርንዎልና በሲሊ ደሴቶች መካከል ከቋጥኝ ላይ ወጥታ ተሰበረች፤ ከጫነችውም ከ100,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ዘይት አብዛኛው ወደ ባሕር ፈሰሰ። የፕሊመዝ የባሕር ጥናት ሊቃውንት ያዘጋጁት፣ ጄ. ኢ. ስሚዝ አርታኢ የሆኑበት መጽሐፍ በ1968 ሲታተም በድፍረት የመሰከረው ነገር አለ፤ ይኸውም ለባሕር ዳር ፍጥረታት ከዘይቱ ይልቅ የከፋው፣ ዘይቱን ለመበተን የተረጨው 10,000 ቶን ያህል ሳሙና መሆኑ ነው። ሳሙና ስንል የልብስ ሳሙና አይምሰል፤ ማሟሚያው መርዝ ነበረና። ከቋጥኝ ተጣብቀው የባሕር ሣር የሚግጡት ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳት አለቁ፤ የሚግጠው ሲጠፋም ቋጥኙን አረንጓዴ ሣር ወረሰው። ሳሙናው ባልደረሰበት ስፍራ ግን እነዚሁ እንስሳት ዘይት የተቀባውን ድንጋይ ሳይቀር ሲግጡ ታዩ።

ምስክርነቱን እናደንቃለን። የምንነቅፈው ችኰላውን ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የወጣ መጽሐፍ የጕዳቱን ዕድሜ ሊለካ አይችልም። ዳርቻውን ከዚያ በኋላ የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሳሙና ያልበዛበት ስፍራ በ2 ወይም በ3 ዓመት ሲያገግም፣ ክፉኛ የተረጨው ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ለዕረፍት የሚመጣው እንግዳ ንጹሕ አሸዋ እንዲያገኝ ሲባል የተከፈለው ዋጋ በመጽሐፉ ውስጥ በሙሉ ያልተገኘውም ስለዚህ ነው።