ያለፈውና ያላለፈው
ስለ ቻርልስ ዲክንስ «ብሊክ ሐውስ» የግሥ አገባብ

ግሥ የንግግር ምሰሶ ነው። ስሙ ምንም ቢያምር፣ ቅጽሉም ምንም ቢበዛ፣ ግሡ ጊዜውን ከሳተ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል። የግእዝ ሰዋስው ኀላፊ፣ ትንቢት፣ ዘንድ፣ ትእዛዝ ብሎ አናቅጽን ለይቶ ያስተምራል፤ «ሖረ» የሚለው አንዱ ኀላፊ ግን እንደ አገባቡ «ሄደ»፣ «ሄዷል»፣ «ሄዶ ነበር» ተብሎ ይፈታል። እንግሊዝኛ እነዚህን ሦስቱን እንደ አማርኛ በሦስት መልክ ይለያቸዋል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ አማርኛ «ትናንት ሄዷል» ቢል አይነቀፍም፤ እንግሊዝኛ ግን ቀኑ ተቈርጦ ከተነገረ «ትናንት ሄደ» እንጂ ሌላውን አይቀበልም፤ ሁለተኛው መልክ ያለፈውን ከዛሬ ጋር የሚያስተሳስር ነውና። እንግሊዝኛ የሚጽፉ ብዙ ወጣቶች የሚሰናከሉት በዚህ ነው። ትረካውን በኀላፊ ጀምረው ያለ ምክንያት ወደ አሁን ይሻገራሉ፤ አንባቢውም ነገሩ አልቆ እንደ ሆነ ወይም ገና እንዳለ ሳያውቅ ይቀራል።

ይሁን እንጂ መሻገር ሁሉ ስሕተት አይደለም። ለዚህ ዲክንስ ከማርች 1852 እስከ ሴፕቴምበር 1853 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በየወሩ እየከፈለ ያሳተመው «ብሊክ ሐውስ» ምስክር ነው። መጽሐፉ 67 ምዕራፍ አለው። 33ቱን ኤስተር ሰመርሰን የምትባል ሴት በኀላፊ ትተርካለች፤ የቀሩትን 34ቱን ስሙ ያልተገለጠ ተራኪ በአሁን ጊዜ ይናገራል።

ምክንያቱ ከታሪኩ ይገኛል። በለንደን የቻንሰሪ ፍርድ ቤት የጃርንዳይስ ሙግት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲጓተት ይኖራል። ሪቻርድ ካርስተን የሚባል ወጣት ውርሱን ተስፋ አድርጎ ዕድሜውን በዚያ ይፈጃል፤ በመጨረሻ ርስቱ በሙሉ ለሙግቱ ወጪ ማለቁ ይታወቃል፤ እርሱም ይሞታል። የማያልቅ ሙግት በኀላፊ ቢነገር ያለቀ ይመስላል፤ ስለዚህ ደራሲው የፍርድ ቤቱን ነገር ለአሁን ሰጠው። ኤስተር ግን መከራዋን ተሻግራ የምትናገር ናትና ኀላፊ ተገባት።

የዚህ አገባብ ኀይል በ47ኛው ምዕራፍ ይገለጣል። ጆ የሚባለው ጎዳና ጠራጊ ድኻ ልጅ ሐኪሙ አለን ዉድኮርት አቡነ ዘበሰማያት እያስደገመው ሳይጨርስ ይሞታል። ግሡ አሁን ስለ ሆነ አንባቢው በአልጋው አጠገብ ይቆማል። ተራኪውም ፊቱን ወደ ዙፋኑ፣ ወደ መኳንንቱና ወደ ካህናቱ መልሶ እንዲህ ያለው ሞት በየቀኑ በዙሪያቸው እንዳለ ይነግራቸዋል። ነገሩ በኀላፊ ተነግሮ ቢሆን «ነፍስ ይማር» ብሎ መጽሐፉን መክደን በቀለለ ነበር።

የትርጓሜ ትምህርት ላለው ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 9 ገና ያልተወለደውን ሕፃን እንደ ተወለደ አድርጎ ተናግሯል፤ የታመነ ነገር እንደ ተፈጸመ ይቈጠራልና። ነቢዩ የሚመጣውን በኀላፊ ሲናገር ተስፋን አጸና፤ ዲክንስ ያለፈ የሚመስለውን በአሁን ሲናገር ወቀሳን አጸና። የሁለቱ ክብር አይተካከልም፤ የአገባቡ ምሥጢር ግን ይቀራረባል።

የሚነቀፍበትም አለ። ኤስተር ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የምትጽፍ ናትና ፍጻሜውን ታውቃለች፤ ለዉድኮርት ያላትን ፍቅር ግን ዳር ዳሩን እየነካች ትሸሽገዋለች። ኀላፊን የመረጠ ተራኪ የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሲሆን ትሕትናው ማስመሰል ይመስላል።

የቻንሰሪ ፍርድ ቤት በ1875 ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት መሆኑ ቀርቶ ከሌሎቹ ጋር በከፍተኛው ፍርድ ቤት ውስጥ ተጠቃለለ፤ ስለዚህ የተወቀሰው ፍርድ ቤት ዛሬ ኀላፊ ሆኗል። የመጽሐፉ ግሥ ግን አሁን እንደ ሆነ አለ። ድኻ አደግ በፍርድ ደጅ እስኪሸመግል ድረስ በሚጠናበት አገር ሁሉ አላለፈም። እንግሊዝኛን የሚማር ሰውም ግሡን ከመጻፉ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ የሚነግረው ነገር በእውነት አልፏልን?