ስም የተነፈገች ነጥብ፦ ጠፈራዊ ፍርሃት በሰሌዳ ጨዋታና በመተማ ቆላ

«ኤልድሪች ሆረር» የተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ሲዘረጋ ጠረጴዛውን የሚሸፍነው የዓለም ካርታ ነው። ጨዋታው በ2013 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ የሚተርከው ግን ስለ 1926 እ.ኤ.አ. ነው። ለንደን፣ ሮም፣ ኢስታንቡል፣ ሻንጋይ፣ ቶኪዮ፣ ሲድኒ፣ ቦነስ አይረስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ሁሉም በየስማቸው ተጽፈዋል። በምድር ላይ የሌለችው፣ ደራሲ የፈጠራት አርካም እንኳ ስሟን ይዛ ተቀምጣለች። ጣት ወደ አፍሪካ ወርዶ ፒራሚዶቹን ሲያልፍ ግን የሚያገኘው አንዲት የዘመቻ ነጥብ ነው። የተጻፈባትም «የአፍሪካ ልብ» የሚል ነው። የከተማ፣ የገበያ፣ የኬላ ስም የለም።

በዚያው በ1926 ካርታው ስሟን የዘለላት የድንበር ከተማ መተማ የት ነበረች? በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል ድንበሩ ከተወሰነ ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው። ከወዲያ ገላባት፣ ከወዲህ መተማ፣ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ ወንዝ። የቅፍለት መንገዱና ገበያው ከውሉም ቀድመው የነበሩ ናቸው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁባት ቦታ ስም አጥታ አታውቅም፤ ከተማዋ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ስለ ኮስሚክ ሆረር (ጠፈራዊ ፍርሃት) የሰሌዳ ጨዋታዎች የሚነገረው ከሞላ ጎደል ሁለት ዓይነት ነው። ወዳጆቻቸው ሥዕሉን ያደንቃሉ፦ እጀ ብዙውን ጭራቅ፣ ከባሕር የሚነሣውን አምላክ፣ ስሙ ለመጥራት የሚያስቸግረውን ፍጡር። የማይወዷቸው ደግሞ ያንኑ ሥዕል አይተው የልጅ ማስፈራሪያ ነው፣ ወይም ከሰይጣን ጋር መጫወት ነው ብለው ይተዉታል። ሁለቱም የሚያዩት ጭራቁን ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሁለቱም ስተዋል የሚል ነው። ጨዋታው ሰውን ጠረጴዛ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ የሚያስቀምጠው ጭራቁ አይደለም፤ ቆጠራው ነው።

አንድ ዙር ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። ተጫዋቾቹ መርማሪዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት ነገር ይዘዋል፤ አንዱ የአካል ጤና፣ ሁለተኛው ልቡና። ይጓዛሉ፣ ይገበያሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ፣ ፍንጭ ይሰበስባሉ። ሁሉም ድርሻውን ሲጨርስ አንድ ካርድ ይገለጣል። አብዛኞቹ ካርዶች ከሰሌዳው ጥግ ያለውን የምልኪ ጠቋሚ ወደሚቀጥለው የሰማይ ምልክት ያዞሩታል። ከዚያ ምልክት ጋር የሚመሳሰል በር ካርታው ላይ ክፍት ከተገኘ፣ ስለ እያንዳንዱ በር የጥፋቱ ጠቋሚ አንድ እርምጃ ይወርዳል። ከጥንታውያኑ አማልክት አዛቶት የተመረጠ እንደሆነ ቆጠራው የሚጀምረው ከ15 ነው። ዜሮ ሲደርስ ውጊያ የለም፤ ዓለም ተበላች ተብሎ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ሌሎቹ አማልክት ሲነቁ ቢያንስ የመጨረሻ ሙከራ ይፈቅዳሉ። አዛቶት ይህንንም አይፈቅድም።

ጠቋሚው ሲወርድ ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልበደለም፣ ማንም አልተቀጣም። ጠቋሚው የወረደው ዙሩ ስላለቀ ነው። በ2016 የወጣው «አርካም ሆረር፦ የካርድ ጨዋታ» ይህንኑ ይበልጥ አራቁቶታል። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ እያንዳንዱ ዙር ሲከፈት አንድ የጥፋት ምልክት ይቀመጣል። ምክንያት አይሰጠውም፣ ዳይስም አይጣልለትም። ተጫዋቹ ብልህ ቢሆን ባይሆን፣ ቢቸኩል ቢዘገይ፣ አንዱ ይጨመራል። አርካምን የፈጠራት የደራሲው የላቭክራፍት ጽሑፎች በገጽ ብዛት ሊሉት የሞከሩትን፣ ማለትም ዓለሙ ለሰው ደንታ እንደሌለው፣ ይህች አንዲት ክብ ወረቀት ድምፅ ሳታሰማ ትለዋለች።

ለገበጣ ተጫዋች ይህ ፍርሃት ባዕድ አይደለም፤ አመጣጡ ብቻ ይለያል። ገበጣ የሚደብቀው ነገር የለውም። ጉድጓዶቹም ጠጠሮቹም ፀሐይ ላይ ናቸው፣ ዕጣ የለበትም፣ የሚሸነፍ ሰው መሸነፉን ቆጥሮ ይደርስበታል። አንድ ሰው እጁን ጠጠሩ ላይ አድርጎ ዝም ሲል፣ ያ ዝምታ የሒሳብ ፍርሃት ነው። ግን ከፊቱ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ የሚፈራው ያ ሰው ያየውን ነው። በአዛቶት ጨዋታ ከፊት ለፊት የተቀመጠ የለም። ሁሉም በአንድ ወገን ሆነው ባዶ ወንበር ያያሉ። የቆጠራው ስልት ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ ሁሉ ቢፋቅና እጀ ብዙው ጭራቅ በተራ ክብሪት እንጨት ቢተካ፣ ፍርሃቱ ሳይነካ ይቀር ነበር።

የጨዋታ ሠሪዎቹን ከደራሲው ማስበለጥ የሚያስደፍር ሌላም ነገር አለ። በ1890 ተወልዶ በ1937 የሞተው ላቭክራፍት፣ በ1928 ባሳተመው የክቱሉ ታሪክ እንዳደረገው፣ ሰዎቹን ብቻቸውን ያስፈራቸዋል፤ የሞተ ዘመድ ወረቀት እያገላበጡ ብቻቸውን ይረዳሉ፣ ብቻቸውን ይጠፋሉ። ሳንዲ ፒተርሰን በ1981 ልቡናን በነጥብ የሚቆጠር ሀብት ሲያደርገው፣ ሪቻርድ ላውኒየስም በ1987 ፍርሃቱን ወደ አርካም ሰሌዳ ሲያወጣው፣ ያ ብቸኛ ሰው ባልንጀሮች አገኘ። በ«ኤልድሪች ሆረር» የአንድ ተጫዋች መርማሪ ልቡናው ቢያልቅ ከሰሌዳው አይነሣም። በወደቀበት አቅራቢያ ባለ ከተማ ምልክቱ ይቀራል፤ ተጫዋቹ ሌላ መርማሪ ይዞ ይቀጥላል። ከዚያ አንዱ ጓደኛ መንገዱን ለውጦ፣ ዙር አባክኖ፣ ወደዚያ ከተማ ሄዶ ሊያየው፣ የያዘውንም ሊረከብለት ይችላል። ጥፋት እየተቆጠረ ሰው ለመጠየቅ መሄድ! ደንቡ በሁለት መስመር የሚያልፈው ይህ ነገር በዘርፉ ሁሉ ካለው የበለጠ ሰብአዊ ነው፤ ከላቭክራፍት ብዕር እምብዛም አልወጣም።

ስለዚህ የካርታው ጉድለት ይበልጥ ያሳዝናል። ላቭክራፍት ባዕድን ሰው ሁሉ የሚፈራና የሚጠላ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሠሪዎቹም ጥላቻውን ከታሪኮቹ ነቅለው ለማውጣት ደክመዋል። መርማሪዎቹ ከየዘሩ፣ ከየአገሩ የተውጣጡ ናቸው። ከፒራሚዶቹ በታች ያለውን ካርታ ግን ማንም አልነካውም። ለማነጻጸር በ2008 የታተመውን «ፓንዴሚክ» ማየት ይቻላል። ወረርሽኝ የሚዛመትበት ጨዋታ ነው፤ 48 ከተሞች አሉት፤ ከእነዚህም መካከል ካርቱም፣ ሌጎስ፣ ኪንሻሳ፣ ጆሃንስበርግ በስማቸው ይገኛሉ። አንድ የመተማ ልጅ ያን ሰሌዳ ቢያይ፣ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ በገዳሪፍ አድርጎ የሚደርስበትን ከተማ ያገኛል። በሽታ አገር ሲያጠፋ አገሩ ስም ነበረው፤ ጠፈራዊ ፍርሃት ሲመጣ ስሙን ተነፈገ። ይህ የቦታ ጥበት ጉዳይ አይደለም። ስንፍና ነው፤ የማያውቁትን ስፍራ ማንም የማያውቀው አድርጎ የመሣል ስንፍና።

በሌላ በኩል፣ ይህ ስንፍና የባዕድ ብቻ አለመሆኑን መሸሸግ አይገባም። ደገኛው ለቆላው የሰጠው ሥዕልም ከዚህ እጅግ አይርቅም። ቆላ ማለት ንዳድ፣ በረሃ፣ ሄደው የማይመለሱበት ነበር። ተጓዡ ጀምስ ብሩስ በ1772 ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ ራስ አልፊል በተባለው ቆላ ታሞ የሰነበተባትን መንደር ስሟ የሞት ጥላ ሸለቆ ማለት ነው ብሎ ጽፏል። ለጉሙዙና ለቆላው ተወላጅ ግን ያ ምድር ቤቱ ነው፤ ዛፉን በስሙ፣ ውኃውን በወራቱ ያውቀዋል። የአንዱ «ልብ» የሌላው ጓሮ ነው።

ቆላው የሚያስፈራ ነገር የለውም ማለት ግን አይደለም። አለው፤ ከጨዋታው ስልት ጋር የሚገናኘውም በጭራቅ በኩል ሳይሆን በቆጠራ በኩል ነው። በምዕራብ ጎንደር ሰሊጥ የሚበቅለው በጥቁር ዋልካ ላይ ነው። ዝናቡ ሲያልፍ ዋልካው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚያ ስንጥቅና በግራሮቹ ሥር ታድራለች። ከወባ ትንኝ ታንሳለች፣ ስትበርም ድምፅ የላትም። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ ከግራር ሥር ይተኛል። ብትነክሰው ላያውቅ ይችላል። ሥራው አልቆ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ አገሩ ገብቶ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ትኩሳቱ ይጀምራል። ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይከሳል፤ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በ2005 እ.ኤ.አ. በደጋው በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሲነሣ፣ በሽታው ከመተማና ከሁመራ ቆላ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር የመጣ ሳይሆን እንዳልቀረ ታምኗል።

«ኤልድሪች ሆረር» ይህን የሚመስል አንድ ካርድ አለው። ስሙ «ዕዳ» ነው። ተጫዋቹ የሚያስፈልገውን ዕቃ ለመግዛት ሲል ዕዳ ይገባል፤ ካርዱ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማየት አይፈቀድለትም። ካርዶቹ ፊታቸው አንድ ቢሆንም ጀርባቸው የተለያየ ስለሆነ ትናንት የወጣውን ማስታወስም አይጠቅምም። ይዞት ይዞራል፤ ዙር ያልፋል፣ ሌላም ዙር ያልፋል። የመተሳሰቢያው ምልክት ሲወጣና ዕዳው ሲጠየቅ ካርዱ ይገለበጣል። ከጭራቆቹ ሁሉ ይልቅ የሰሊጥ ሠራተኛው የሚያውቀው ይህን ነው፦ በአንድ ቦታ የተቀበሉትን፣ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቀን የሚያዩት። ዘርፉ ስለ ከዋክብት ብዙ ደክሟል፤ ስለ ፍርሃት እውነቱን የተናገረው ግን በዚህች ትንሽ ካርድ ላይ ነው።

በላቭክራፍት የሕይወት ዘመን፣ በ1932፣ ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጓድ ከገላባት ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ገባ። የጓዱ አባል ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ውስጥ ወራት ተቀምጦ የዛርን ነገር አጠና፤ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት፣ የዛሩንም ቃል በአማርኛ ደብተር እየጻፉለት። ከባለዛሯ ከመልካም አያሁ ቤት ያዩትና የሰሙት የማይታየውን ፍጡር በሌላ ዓይን ያሳያል። በሚነገረው ትውፊት፣ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊቆጥራቸው በመጣ ጊዜ ፈርታ መልከ መልካሞቹን አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ የተደበቁትም ተደብቀው ቀሩ። ዛሮች እነዚያ ናቸው። የዚህም ነገር መነሻ ቆጠራ ነው፤ ግን ከቆጠራ የቀረው እዚህ ወንድም ነው፣ እኅት ናት።

ልዩነቱ ሰፊ ነው። አዛቶት ጆሮ የለውም። ዛር ስም አለው፣ ጠባይ አለው፣ ወገን አለው፤ በፈረሱ፣ ማለትም በያዘው ሰው፣ ላይ ወጥቶ የሚፈልገውን ይናገራል። ልብስ ይላል፣ ቡና ይላል፣ የዶሮውን ላባ ቀለም ለይቶ ይጠይቃል። የታመመው ሰው የተያዘበትን ዕዳ ጀርባውን ገልብጦ ያነባል ማለት ነው፤ ከዚያ ክርክር ይጀመራል፣ ይቀነሳል፣ ቀን ይሰጣል። ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ከቴያትር ጋር አያይዞ አይቶታል። ለጨዋታ ሠሪ ግን የበለጠ የሚጠቅመው የድርድሩ አሠራር ነበር፦ ልቡናን የሚወስደው ኃይል ልቡናን መልሶ ሊሰጥ የሚችልበት፣ ፍርሃቱ ሳይቀንስ ንግግር የሚገባበት ሰሌዳ። ጠፈራዊ ፍርሃት ዝምታን ብቻ ስለሚያውቅ ይህን ሊያስብ አልቻለም። ቢያስበው ምናልባት ኮስሚክ ሆረር መባሉ ይቀር ነበር፤ ያ ግን ኪሳራ አይደለም።

የካርታው ነገር እስኪታረም ድረስ ባለ ሰሌዳው በገዛ እጁ ሊያደርገው የሚችለው አለ። እርሳስ አንሥቶ፣ ከፒራሚዶቹ በታች፣ «የአፍሪካ ልብ» ከተባለው ነጥብ ወደ ላይ ወጣ ብሎ፣ የ1932ቱ ጓድ በበቅሎ የተጓዘበትን መንገድ በተራ መጻፍ፦ ገላባት፣ መተማ፣ ጭልጋ፣ ጎንደር። የጥፋቱ ጠቋሚ እንደ ወትሮው 15 ላይ ይቀመጥ፤ ቆጠራው ይጀመር።